ደጅ ያደረችው መኪናዬ

መስከረም 14፣ ወልቂጤ

ታናሽ ወንድሜ ሳሙኤል ለመስቀል ትናንት ከአዲስ አበባ ገባ፤ አዲስ መኪና ይዞ። ግቢያችን ከአንድ መኪና በላይ አይችልም። እስከ ትናንት እዚያ የምታድረው የኔዋ አሮጌ ነበረች። እናቴ ግን «ያንተን ደጅ አውጣትና የሳሚ ይግባ፤ ስፖኪዮ የሚነቅል ሌባ በዝቷል» አለችኝ።

«የኔስ ስፖኪዮ የላትም?»

«ያንተን ማን ይነካታል ልጄ?»

ያጽናናችኝ መስሏት ነው።

አወጣኋት። ሳሙኤል የኔ ቦታ ላይ አቆመ። ቀናሁ፤ ለራሴ ምን እዋሻለሁ። ማንም ሳያየኝ መኪናዬን በባልዲ ውሃ አጠብኳት፤ ስፖኪዮዎቹን ደግሞ እስኪያብረቀርቁ ወለወልኳቸው።

ዛሬ ጠዋት ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድሜ ወጣሁ። ሁለቱም ስፖኪዮ በቦታቸው አሉ።

እናቴ ከኋላዬ ደርሳ «አላልኩህም?» አለችኝ፣ ደስ ብሏት።