በአራተኛውና በአምስተኛው ንብርብር መካከል

ኖቪ ታርግ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1994

ለዓይኔ ብርሃን ለዮቪታ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበቴን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ደህና አይደለሁም። ከሰኞ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም። በዚህ ወር መጨረሻ እዚያ ስፔን የምትወዳደሪበት ሞተር አልባ አውሮፕላን የእኛ ፋብሪካ ሥራ መሆኑን ከስፖርት ጋዜጣ አነበብኩ። የዚያን ክንፍ ጥንካሬ ያሰላሁት እኔ ነኝ። ልጄ፣ ተሳስቻለሁ። እባክሽ ለልምምድም ቢሆን አትብረሪበት።

ክንፉ ከሥሩ በብሎን የሚታሰርበት ዝርግ ሰሌዳ፣ አሥራ ሁለት ንብርብር የመስታወት ክር በሙጫ ተጣብቆ የተሠራ ነው። ልጅ ሆነሽ ቁርጥራጩን እየለቀምሽ ትጫወቺበት ነበር። ክሩ በዋዛ አይበጠስም፤ የሚያሰጋው ሙጫው ነው፣ በተለይ የብሎኑ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ። እኛ ዝርጉን ኮምፒዩተር ላይ በትንንሽ ቁራጭ ከፋፍለን፣ በየንብርብሩ መካከል ያለውን ጫና እናሰላለን። በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል ማሽኑ ሁለት ቁጥር ሰጠኝ፤ ከላይ በኩል 9፣ ከታች በኩል 31። ሙጫው አንድ ነው፣ ሁለት ጫና ሊኖረው አይችልም። ቁጥሮቹ ካልተስማሙ ቁራጮቹን አሳንሶ እንደገና ማስላት ነው። ይህን ለስንቱ ሳስተምር የኖርኩ ሰውዬ ደምሬ ለሁለት አካፈልኩት! 20 መጣ። የተፈቀደው 24 ነው። ፈረምኩ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን መጋቢት 14 ነው፣ እናትሽ ያረፈችበት። ከሆስፒታል ተደውሎልኝ ስለነበር አካፍዬ፣ ፈርሜ ሮጥኩ። እንዲያም ሆኖ አልደረስኩላትም። አንቺም «ከእናቴ ቁጥርህን መረጥክ» አልሽኝ፤ መሮጤን አልነገርኩሽም። አሁንም ሰበብ ላደርገው አይደለም።

ሰኞ ዕለት አዲሷ ባልደረባዬ ሚርካ የድሮ ፋይል ስታገላብጥ ቆይታ መጣች።

«ኢንጂነር፣ ይሄን አማካይ የወሰደው ማሽኑ ነው አይደል? እርስዎ እንዲህ አያደርጉም።»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

በቀዳዳው ዙሪያ እያንዳንዱን ንብርብር ለየብቻ፣ ቁራጮቹን በጣም አሳንሳ አሰላችው። 38። 

ወዲያው ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄድኩ። «አሥራ አንድ አውሮፕላን ሸጠናል፤ አንዱስ ወድቋል?» አለኝ።

«እስካሁን አልወደቀም።»

«እንግዲያማ! ጡረታህ ሁለት ወር ሲቀረው ቤቴን ልታፈርስብኝ ነው ዜኖን? ሂድና ተኛ!»

አልተኛሁም። ለአሥሩ ባለቤቶች ራሴ ደወልኩ፤ አሥሩም ሰሙኝ። አሥራ አንደኛዋ አንቺ ነሽ። ድምፄን ስትሰሚ ስልኩን ጠረቀምሽው። ሚርካም ብትደውልልሽ «አባቴ ነው ያስደወለሽ» ብለሽ ዘጋሽባት። ክለብሽ ስደውል ያነሳው ሰውዬ ደግሞ ቋንቋዬን አይሰማም። አሁን ምን ላድርግ? በእግሬ ልምጣ?

እልኸኛ ነሽና ራስሽ ማየት ትፈልጊ ይሆናል። ቀዳዳው ዙሪያ በሳንቲም ቀስ እያልሽ አንኳኪ። ደህናው ቦታ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተላቀቀው ድምፁ ድፍን ያለ ነው። ግን ጥርት ቢልም እንዳትተማመኚበት፤ አየር ላይ አንድ ጊዜ ስትገለበጪ ሊላቀቅ ይችላል። እኔን ጥዪኝ፣ መብትሽ ነው። ፊርማዬን አምነሽ ግን አትውጪ።

እመቤታችን ከክፉ ትጠብቅሽ፣ ዕድሜሽን ታርዝምልኝ።

ያለፉት አራት ደብዳቤዎቼ ሳይከፈቱ ተመልሰዋል፤ ይሄ ሁሉ የለፈለፍኩትም ላይነበብ እንደሚችል አውቃለሁ። ስለዚህ ዋናውን ነገር ፖስታው ላይ፣ ከስምሽ ሥር፣ በቀይ እስክሪብቶ በትልልቁ ጽፌዋለሁ። «ይህን ብቻ አንብቢና እንደልማድሽ ሳትከፍቺ መልሽልኝ» ብዬም አክዬበታለሁ። እጄ ሲገባ፣ በሕይወት እንዳለሽ አውቃለሁ።

አባትሽ ዜኖን