የማይቆመው አሳንሰር

ካይሮ፣ ሚያዝያ ፪ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ውድ ሸዋነሽ፣

ኢየሩሳሌም ሳልደርስ እዚህ በሳቅ ልሞት ነው! ያረፍንበት ሆቴል ሰው የሚያወጣና የሚያወርድ አሳንሰር የሚሉት ሣጥን አለው። በር የለውም፤ አይቆምም፤ ሲያልፍ ዘሎ መግባት ነው። አክስቴን እማሆይ ደብረወርቅን እጃቸውን ይዤ ዘለልን። ብድግ ሲል፣ ክረምት ፎገራ ሲጥለቀለቅ ውሃው ታንኳችንን ድንገት እንደሚያነሣት፣ ልቤን ስልብ አደረገው። እየሳቅን የመጨረሻው ፎቅ አለፈን! ከዚያ ወዲያ ጨለማ ብቻ።

«ልጄ፣ አሁን ገልብጦ ሊደፋን ነው?» አሉ እማሆይ።

«መሰለኝ» አልሁ፤ ተቃቅፈን ዓይናችንን ጨፈንን።

«የቁሐሩ ሚካኤል፣ በክንፍህ!» ብለው ሲጮኹ፣ ሣጥኑ ወደ ጎን ሸርተት አለና ቀጥ እንዳለ በሌላው በኩል ይወርድ ጀመር። ታች የቆሙት እንግዶች አጨበጨቡልን። ዘልዬ ልወጣ ስል እማሆይ ነጠላዬን ይዘው «ቆዪ ልጄ፣ አንዴ እንድገመው!» አይሉኝ መሰለሽ? አምስት ጊዜ ዞርን!

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን፣ አያልነህን፣ ልጆቹን ሁሉ ሳሚልኝ። እማሆይንም በጣም ናፍቀሻቸዋል፤ ለንስሐ አባታቸው ለቄስ ወልደ ሥላሴ ግን እንዳትነግሪ አደራ ብለዋል። በሁዳዴ ያን ያህል መሳቃቸውን ራሳቸው ይናዘዙታል።

ያንቺዋ ገላነሽ