የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ

ጥር 8
ሥራ የለም። ከተማው ለጥምቀት ይሯሯጣል፣ የእኔ ጋራዥ ጭር ብላለች። አንዱ የናፍጣ መኪና ይዞ መጥቶ "ካንዴላውን ቀይርልኝ" አለኝ። ለመሳቅ እንኳ ሰነፍኩ። ናፍጣ እሳት የሚጭር ካንዴላ ምን ያደርግለታል? አየሩ ሲሊንደር ውስጥ ሲጨመቅ ራሱ ይግላል። ፖምፓው ናፍጣውን በኃይል ይገፋል፤ ኖዝሉ ከፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ እንደ ጉም አድርጎ ይረጨዋል። ጉሙ የጋለውን አየር ሲያገኝ ይነዳል። በቃ። ሃያ ሁለት ዓመት ያበላኝ ይኼው ነው።

ጥር 9
ወንዴ መጣ፣ የዛሪማው ሹፌር። አይሱዙው ይንቀጠቀጣል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ማደያው ሰልፍ ስለሆነ መንገድ ዳር የጀሪካን ናፍጣ ሲቀዳ ከርሟል፤ ውሃ ያለበት።
"አያ መለሰ፣ ማኪናዬን ሸጋ አድርገህ ሥራልኝ። ለከተራ እናቴ ዘንድ መድረስ አለብኝ።"
ሞተሩን አስነስቼ ከፖምፓው ወደ ኖዝሎቹ በሚሄዱት አራት ቧንቧዎች ላይ የቀኝ ሌባ ጣቴን በየተራ አሳረፍኩ። ናፍጣው ሲያልፍ እንደ ደም ሥር ይመታል። ሦስተኛው ልክ አልነበረም። ጎንደር ላይ እንዲህ በጣቱ የሚለይ ሌላ ሰው አላውቅም። ኩራት ነው... ይሁን።
ኖዝሉን ፈትቼ መሞከሪያው ላይ አሰርኩት። ሌላ ጊዜ አረጫጨቱን ወረቀት ደቅኜ ነው የማየው። ዛሬ ወንዴ እየቆመ እየተቀመጠ አስቸኮለኝ። አንዷ ቀዳዳ ተደፍና እንደሆን ብዬ ናፍጣ የሚገፋውን ማንሻ በግራዬ እየጫንኩ ጣቴን ጠጋ አደረግሁ። ጠቅ አደረገኝ። ደም የለም። የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ብቻ።
ጠርጌ ገጠምኩለት። መርቆኝ ሄደ።

ጥር 10
ጣቴ አብጧል። ባለቤቴ ሽታዬ "ሆስፒታል እንሂድ" አለች። ለዚች ነጥብ? ያውም በከተራ? ታቦት ሲወርድ መንገዱ ሁሉ ይዘጋል... "ነገ ቀሐ ጥምቀተ ባሕሩ ላይ ጠበሉ ሲረጭ አስነካዋለሁ" አልኳት።

ጥር 11
ቀሐ ወረድኩ። ውሃው ሲረጭ ጣቴን ከሰው ራስ በላይ ዘረጋሁ። ቀዝቀዝ አለልኝ። ከሰዓት በኋላ ግን ጫፉ ጠቆረ።
እውነቱን ልጻፍ። እምነት ይዞኝ አይደለም የዘገየሁት። ሆስፒታሉን ፈርቼ ነው።

ጥር 12
ሆስፒታል ሄድኩ። ሐኪሟ ዓይናለም ትባላለች፣ ወጣት ናት።
"ምን ወጋዎት?"
ናፍጣ።
"መቼ?"
ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። በዚያ ግፊት የገባ ናፍጣ ቆዳ ላይ አይቆምም፤ በጣቱ ውስጥ ተሰራጭቶ ሥጋውን ይገድለዋል አለች። "በዚያው ቀን ቢመጡ ኖሮ ከፍተን እናጥበው ነበር።"
ግፊቱን ለሰው ሁሉ የማስረዳው እኔ! ብረት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ሥጋ ውስጥስ ብዬ እንዴት አላሰብኩም?

ጥር 13
ቆረጡት። ይህን በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

ጥር 27
ሽታዬ እንጀራ ቆርሳ ታጎርሰኛለች። "ብዬህ ነበር" አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 20
ጋራዡን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ደንበኛ ወንዴ ሆነ። አይሱዙው እንደገና ይንቀጠቀጣል። እጄን አየና ደነገጠ።
"ምነው አያ?"
"ሥራ ላይ ነው" አልኩት። ያንተ ኖዝል ነው አላልኩትም። ያስቸኮለኝ እሱ ቢሆንም ጣቴን የደቀነው እሱ አይደለም።
ሞተሩን አስነሳ። እጄ እንደ ልማዱ ወደ ቧንቧው ሄደ፤ ጉቶው ነካው። ምንም። በግራዬ ሞከርኩ። አራቱም አንድ ሆኑብኝ።
"ና እስቲ፣ ጣትህን አሳርፍበት" አልኩት።
ዓይኑን ጨፍኖ በየተራ ነካካ። ሁለተኛው ላይ ቆየ።
"ይኼኛው አመታቱ የላላ መሰለኝ... አያ፣ ልክ ነኝ?"
ልክ ይሁን አይሁን በምን አውቄ?
"ልክ ነህ" አልኩትና መፍቻውን በግራዬ አነሳሁ።