ጣራ ያለው የጉግስ ሜዳ

አንኮበር፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፰፻፸፱ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለልጄ ለኃይለ ገብርኤል፣ በጀርመን አገር ከጣራ ሥር ለምትጋልበው።

እኔ አባትህ ከእንቅልፍ በቀር የጎደለብኝ የለም። እናትህም ደህና ናት። አንተስ ደህና ነህ ወይ?

ደብዳቤህን ነጋዴው ዘይኑልአቢዲን ከአሊዩ አምባ ይዞልን ወጣ። ለጎረቤቱ ሁሉ አነበብሁት። ፈረስ የሚጋለብበት ቤት አለ ብትል ማን ይመንህ? ሐምቡርግ አንድ፣ በርሊን አንድ፣ ድሬስደን ሌላ፤ ሁሉም ክብ፣ መሬቱ አሸዋ፣ ጣራው ከደብራችን ጉልላት የሚበልጥ፣ ሕዝቡም ዙሪያውን ተደርድሮ የሚያይ። እናትህ፣ ዝናብ ፈርተው ነው እንጂ ሜዳ አጥተው አይደለም አለች።

ቀጥዬ «በየማታው ጦር እንደ ወጋኝ ሆኜ ከፈረስ እወድቃለሁ፤ እንደ ሞተ ሰው ስጋደም ያጨበጭባሉ» የምትለው ላይ ደረስሁ። እናትህ ሳቀች። «ልጄ ሲወድቅም ያምርበታል» አለች። እኔ ወረቀቱን አጥፌ ወጣሁ። ፈራሁ ልጄ።

እናትህ የማታውቀውን አንተ ታውቃለህ። በጥምቀት ማግስት ደብረ ብርሃን ላይ፣ ዲያቆን ሆነህ ቅዳሴውን ትተህ ጉግስ ስትጫወት ባገኘሁህ ጊዜ፣ በዚህ የክህነት አፌ «ከፈረስ ወድቀህ አትነሣ» አልሁህ። ወር ሳይሞላ በአገሩ ለሕዝብ ሊያሳይ አውሬ ከሚሸምተው ፈረንጅ ጋር ወደ ባሕር ወረድህ። ከአፍ የወጣ አፋፍ እያልሁ ሰው የምገሥጽ እኔ ነበርሁ። አሁን እርግማኔ አንተን ፍለጋ አይደክምም፤ በየማታው ራስህ ትወድቅለታለህ።

እርግማኑን ከሩቅ መፍታት ይቻል እንደሆነ የንስሐ አባቴን አባ ገብረ ጻድቅን ጠየቅኋቸው። «ልጁ ፊትህ ሳይቆም እንዴት ትፈታዋለህ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

ስለዚህ ውደቅ ሲሉህ እንቢ በል። ሙት ካሉህም በእግርህ ቆመህ ሙትላቸው፤ ከፈረስ ላይ ግን አትውደቅ። ይህ ወረቀት እስኪደርስህ ስንት ወር ይፈጃል? እስከዚያ ስንቴ እንደምትወድቅ ልቆጥር ጀምሬ ተውሁት።

አባ ያሉት ይቆየኝና እኔ ፈትቼሃለሁ፤ እግዚአብሔር ይፍታህ። የወጣህበት መንገድ ይመልስህ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወደ ቆላው ዞሬ እቆማለሁ። የእናንተ ማታ መቼ እንደሚሆን ስለማላውቅ እስኪጨልም አልገባም። መንገደኛው ሽማግሌው ጃጀ ይላል። ይበል። እኔ የምለው አንድ ቃል ነው፤ ልጄ፣ ተነሣ።

አባትህ ቄስ ወልደአረጋይ