ዝንብ ወይስ ዚንክ

ጓዴ ቀጮ፣

እንዴት ከረምክ? ይህን ካርድ ማንም አልጻፈልኝም፤ በገዛ እጄ ነው! አክስቴ ቤት ስደርስ ጡት የጣሉት የአሳማ ግልገሎች ተቅማጥ ይዟቸው ጥግ ላይ ተደራርበው ይንቀጠቀጣሉ። ከመኖ ጋር የሚቀላቀል ማዕድን ተገዝቷል፤ ከረጢቱ ላይ ያለውን ማን ያንብበው? እኔ ነኛ! ጉሮሮዬን ጠርጌ "ዝንብ!" ብዬ አነበብኩ። "ዝንብማ በነጻ ሞልቶልኝ የለ፣ ምን ሊያደርግልኝ ገዛሁት?" አለች አክስቴ። ደግሜ ሳየው ለካ ዚንክ ነው።

አንጀቷ አልችል ብሎ በእፍኟ ልትጨምርላቸው ስትል እጇን ያዝኩ፤ ከረጢቱ ላይ "ከልኩ ካለፈ ይጎዳል" ይላል።

"አንተ ነህ እኔን የምታዝዘኝ?"

"እኔ ምን አገባኝ፣ ከረጢቱ ነው!"

እኛ ዘንድ ለታመመ ጥጃ ጨው በእፍኝ አይደል? እዚህ ለክተን ሰጠን፤ ሰነበትንም። ዛሬ ጠዋት ብታያቸው! እየተጋፉ ገንዳውን ገለበጡት። አትተርፍም ያልናት ትንሿ የጫማዬን ማሰሪያ ነክሳ አልለቅም አለች። አክስቴ ደስታዋ ወሰን አጣ፤ "ዶክተር ዝንብ" ትለኛለች።

ካርዱ ሞላብኝ! የእማማን ጉልበት ሳምልኝ፣ የልጆቹን ጉንጭ። ለማታ ትምህርት አስተማሪያችን ስለ ዚንኩ ንገራት፤ ስለ ዝንቡ ግን አደራ፣ ትንፍሽ እንዳትል።