አዲሱ ኮምፒውተር የተናገረ ዕለት

ሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት ነህ ጋሼ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ። በድምፅ የላክህልኝን መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። ሥራው ይቅርብሽ፣ እኛ ጋ ነይ፣ ክፍልሽ ተዘጋጅቷል ብለሃል። አሳቢነትህን አልጠላሁም፤ ግን አልመጣም። ለምን እንደማልመጣ ልንገርህ።

አዲሱ መሥሪያ ቤት የቀጠረኝ የተቀዳ ስብሰባ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ እንድገለብጥ ነው። እዚያ ያለው ኮምፒውተር ሁሉ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት ነው፤ እኔ ደግሞ ዓይኔ ከጠፋ ወዲህ ጣቶቼ የሚያውቁት ዊንዶውስን ብቻ ነው። ስክሪኑን ጮክ ብሎ የሚያነብልኝ ፕሮግራምም እዚያ አይሠራም። ኮምፒውተሩን አስነሣሁት፤ ዝም። የለመድኳቸውን ቁልፎች ሁሉ ነካካሁ፤ አሁንም ዝም። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ለጊዜው እንግዳ መቀበያው ጋ ብቀመጥ እንደሚሻል ነገሩኝ። ይህን «ለጊዜው» የሚባል ነገር አውቀዋለሁ፤ እስከ ጡረታ ነው።

«እንግዳ ልቀበል አልተቀጠርኩም» አልኳቸው። «እስከ ወሩ መጨረሻ ይስጡኝ። ካቃተኝ በራሴ እግር እወጣለሁ።»

የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛው ቀና ሰው ነው፤ ግን እሱም እንደኔ ያለ ማውስ፣ በቁልፍ ብቻ መሥራት አያውቅም። ሊኑክስም የራሱ የስክሪን አንባቢ እንዳለው አብረን ፈልገን አገኘን። ድምፁን ብትሰማው! ጉንፋን የያዘው ሰው ጆንያ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል። ቤት ካለው አሮጌ ኮምፒውተሬም ላይ ዊንዶውሱን አስጠፍቼ ሊኑክስ አስጫንኩበት፤ መመለሻ እንዳይኖረኝ። አንድ ቀን ቁልፍ ተሳስቼ የጻፍኩትን በሙሉ ደመሰስኩት። አለቀስኩ፤ አልዋሽህም። ከዚያ እንባዬን ጠርጌ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

በወሩ መጨረሻ አለቃዬ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

«ኮምፒውተሩ እኮ ጠፍቷል፤ ዝም ብለሽ ነው ቁልፉን የምትመቺው» አሉኝ። ማዘናቸው ከድምፃቸው ያስታውቃል።

«የጠፋው ስክሪኑ ነው። ለኔ ምን ይሠራልኛል?» ብዬ ማዳመጫዬን ከጆሮዬ አውልቄ ስክሪኑን አበራሁላቸው። ስብሰባው ተጽፎ አልቆ ነበር። ወንበር ስበው አነበቡት፤ የእንግዳ መቀበያውን ነገር ዳግመኛ አላነሡም።

ስለዚህ ጋሼ፣ ክፍሉን ለልጆቹ ስጣቸው። የእናታችን ዓይን እንደኔው ቀስ እያለ ሲጠፋ ዘመድ ሁሉ ተረባርቦ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው እንኳ ሥራ አላዘዛትም። በፍቅር ገደሏት እላለሁ እኔ። እኔ ላይ አይደገምም፤ በሌላም ሰው ላይ አይደገምም።

አንተም መልእክት መጻፍ ትተህ ድምፅ ብቻ መላክ ከጀመርክ ሰነበትክ። መኪናውን ለምን ሸጥከው ብልህ መንዳት ሰለቸኝ አልከኝ። ስለ ዓይንህ አልጨቀጭቅህም። ይህን ደብዳቤ ግን ሰው አያንብብልህ፤ ኮምፒውተርህ ያንብብልህ። እንዴት እንደምታስነብበው በድምፄ ቀድቼ አብሬ ልኬልሃለሁ። ትምህርት ቤት ማስተማርህንም እንዳትተው፤ ብትተው ተቀያየምን።

ደግሞ እኔ ከምመጣ አንተ ና። ለብቻህ ና። ከአውቶቡስ ስትወርድ የዳቦ ቤቱ ሽታ ይቀበልሃል፤ እሱን በስተግራ ትተህ የግንቡን አጥር በቀኝ እጅህ እየዳበስክ ሂድ። ግንቡ አልቆ ቆርቆሮ ሲጀምርልህ በሩ እሱ ነው። እዚያ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

መንገድህን ያቅናልህ፤ እጅህንም ከሥራ አይለይብህ።

የማትታዘዝልህ ታናሽ እህትህ