በግጥም ልጅ አስፈሩ የተባሉት የአቶ ጌዴዎን ተክለ ጻድቅ ሕይወት

አቶ ጌዴዎንን በሰው ፊት የሰደባቸው የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢው ወንዳፍራሽ ነው። ቀኑ እ.ኤ.አ. 2022 የዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ቦታው የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ነበር። «ጥፋቱ የእኛ ነው! የፓርኪንግ ዘበኛ አምጥተን አስተማሪ ያደረግን!» አላቸው። ይህ ሳይነገር ሕይወታቸው ተነገረ አይባልም።

አቶ ጌዴዎን ከአባታቸው ከአቶ ተክለ ጻድቅና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሣህሊቱ በ1946 ዓ.ም. በናዝሬት ከተማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ማተሚያ ቤት ተቀጠሩ፤ በ1972 ዓ.ም. የማተሚያ መኪና ጥገና እንዲማሩ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተላኩ። ቋንቋው አልገባ ሲላቸው የማደሪያው ጠባቂ አሮጊት የጥንት የልጆች ግጥም ታነብላቸው ጀመር። ያ ግጥም ልጅ መቅጫ ነው፤ ያልታዘዘ ልጅ መጨረሻው ላይ ወይ ይቃጠላል ወይ ይሰምጣል። አሮጊቷ እየሳቀች የግጥሙን ሕፃን ወንዝ ስትከተው አቶ ጌዴዎን ክው አሉ። በማግሥቱ ግን ግጥሙ ከነቋንቋው አፋቸው ላይ ነበር። ሰው የደነገጠበትን አይረሳም ብለው ያመኑት ያን ጊዜ ነው።

በ1978 ዓ.ም. ከወ/ሮ እጅጋየሁ ጋር በተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን የውብዳርን ወለዱ። በ1999 ዓ.ም. ሲያትል መጥተው ዳውንታውን በፓርኪንግ ሥራ ኖሩ። ዛሬ አበባ ይዞ ከመጣው ውስጥ መኪናውን ሰጥቷቸው ሰላም ሳይላቸው ያለፈ ብዙ ነው። ጡረታ ሲወጡ የቤተ ክርስቲያናችን የቅዳሜ አማርኛ ክፍል ተሰጣቸው። ልጆቹ በአማርኛ ሲጠየቁ በእንግሊዝኛ ይመልሱ ነበርና፣ እንደ ጀርመኖቹ አድርገው ግጥም ገጠሙላቸው፦

አፉን ከፍቶ ሲያላምጥ፣ ዝጋ ሲሉት ሲኮራ፣
ምላሱን ነቅሎ ሄደ፣ በመስኮት የገባ ቁራ።

የወንዳፍራሽ ልጅ ኖላዊት ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ትምህርት ቤት ምሳ ላይ አፌን አልከፍትም አለች፤ መምህሯ ምነው ብትላት መስኮቱን አሳየቻት። ትምህርት ቤቱ አባቷን ኮል አድርጎ ልጅቷን የሚያስፈራራ ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ወላጅ ሁሉ ደነገጠ፤ ከሁሉ የደነገጡት ግን እሳቸው ነበሩ። ስድቡም ያን ሰሞን መጣ፤ ክፍሉንም ተከለከሉ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ኮትና ከረባት አድርገው ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ፣ የትም አይሄዱም። ከዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት እነዚያን ልጆች ማስተማር ብቻ ነበር።

በልብ ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ጥር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያትል አጠገብ ማውንትሌክ ቴራስ በልጃቸው ቤት በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸውና ታናሽ ወንድማቸው ሐዘን ላይ ናቸው። አምላክ ነፍሳቸውን የሕፃናት ድምፅ ከማይጠፋበት ደጅ ያሳርፍልን።

አንድ ነገር ግን ሳይነገር ሬሳው አይወጣም። ባለፈው ሰኔ በልጆች በዓል ላይ፣ አቶ ጌዴዎን ኋላ ወንበር ተቀምጠው ሳለ፣ ኖላዊት መድረክ ወጣች። ቤቷ እንኳ በእንግሊዝኛ የምትመልሰው ልጅ የቁራውን ግጥም ከነድምፁ፣ አንድ ቃል ሳትስት በአማርኛ ዘለቀችው። አዳራሹ ደነገጠ። ቀጥሎ ጭብጨባው ቀለጠ። አባቷ ማይኩን ቀማና፣ «ጋሼ ጌዴዎን! ይኸው አማርኛ አስተማሩልኝ እኮ! ሶ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ይመለሱልን፤ ብቻ ቁራው ምላሱን ይመልስለት፣ ኦኬ?» አለ። ሰዉም ሳቀ።

አቶ ጌዴዎን ተነሡ። ወደ መድረኩ ሄደው የልጅቷን ግንባር ሳሙ። ከዚያም ማይክ በያዘው ሰው አጠገብ አልፈው ወጡ፤ ወደ ቅዳሜው ክፍልም አልተመለሱ።